ማርያም የሳመቻት ያልነው ትከሻ

ልጄ ስትወለድ ግራ ትከሻዋ ላይ መዳፍ የሚያህል ብልዝ ነበረባት። ቀለሙ ሳይለቀም ዛፉ ላይ ከርሞ ሊጠቁር የደረሰ የቡና ፍሬ ይመስላል፤ ቀይ ነው እንዳይሉት ጠቁሯል፣ ጥቁር ነው እንዳይሉት ውስጡ ይቀላል። አራስ ጠያቂው ሁሉ ጨርቋን ገለጥ አድርጎ ያይና «እሰይ፣ ማርያም የሳመቻት ናት!» ይላል። እኔም ደስ ይለኛል። ገላው ላይ ምልክት ይዞ የተወለደን ልጅ ማርያም ስማዋለች ነው የምንለው፤ ዕድለኛ ነው። ይህን መስማት የምትጠላ እናት የት አለች? አዋላጇ ሲስተር እንኳ፣ ገና ማዋለጃው አልጋ ላይ እንዳለሁ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላት፣ «አይዞሽ፣ ማርያም የሳመቻት ናት» ነበር ያለችኝ። ይህን ስትለኝ ግን ፊቴን አላየችኝም።

መወለዷን ላስቀድም፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባም።

ጊዜው ኅዳር ነው፣ የቡና ለቀማ። በዚያ ወር በኛ በኩል የሚታመም ሰው የለም፤ ሁሉም ሕመሙን ለጥር ያቆየዋል። ባለቤቴ ከማለዳ ጀምሮ ቡናው ውስጥ ነው። ምጡ ረፋድ ላይ ሲጀምረኝ ከአማቴ ጋር ባጃጅ ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ነው፣ እሱ ይበቃል። ሁለቱን ትልልቅ ልጆቼን የወለድኳቸው እቤት ነው። የቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን ግን ሆዴን ለካችና «ይህችን እቤት ከወለድሽ እኔና አንቺ ተጣላን» አለችኝ። እውነቷን ነበር። እቤት ብወልድ ኖሮ ይህን የምጽፈው እኔ አልሆንም።

«ራሷ ወጣ፤ አይዞሽ እናት፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» አለች ሲስተር። ወጣት ናት። የዚያን ዕለት ብቻዋን ነበረች፤ ሌላዋ አዋላጅ ወረዳ ስብሰባ ሄዳለች። እንዲህ ብላኝ ድንገት ዝም አለች። ምጥ ላይ ያለችን ሴት እንደ አዋላጅ ዝምታ የሚያስደነግጣት የለም።

«ምነው?» አልኳት።

«አትግፊ! እንዳትገፊ!»

«አሁን ግፊ አላልሽኝም?»

«አሁን ደግሞ አትግፊ አልኩሽ!»

ራሷ ወጥቶ ትከሻዋ ውስጥ ተይዞ ነበር። ሲስተር ኮሪደሩን የምትወለውለውን የጽዳት ሠራተኛ ጮኻ ጠራቻት። ሴትዮዋ መወልወያዋን ወርውራ መጣች፤ ጉልበቴን አጥፋ ወደ ደረቴ ጫነችው። ሲስተር ሳበች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ እንደገና። ልጄ ስትወጣ አላለቀሰችም፤ ቀለሟ አመድ ነበር። ሲስተር ጀርባዋን አሸት አሸት እያደረገች፣ ስም ያልወጣላትን ልጅ «ነይ! ነይ እንጂ!» እያለች ተጣራች። ልጄም መጣች፤ ጮኸች። የጽዳት ሠራተኛዋ እልልታዋን ለቀቀችው። ሲስተር ግን ወለሉ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። በኋላ ተነስታ ካርዱ ላይ ጻፈች። ምን እንደጻፈች ያኔ አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ኖሮ ስንት ወራት ይተርፈኝ ነበር።

እቤት ገባን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ሰው ገንፎውን ጨርሶ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። አማቴ በየማለዳው ሕፃኗን አጥበው፣ ቅቤ ቀብተው ያሿታል። ማሸት ሲባል እንዲሁ መዳበስ እንዳይመስላችሁ። ቀኝ ክንድን ወደ ግራ፣ ግራ ክንድን ወደ ቀኝ አሻግሮ መሳብ ነው፤ ከዚያ ክንድን ከእግር ማገናኘት፣ ከዚያ ቁልቁል ማንጠልጠል። አካሉ እንዲፍታታ፣ ሲያድግ ሸክም እንዲችል። አማቴ የመንደራችንን ግማሽ ያሹ ሴት ናቸው፤ ቅርጫት ሙሉ ቡና ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ጎረምሳ ሲያዩ «እሱ የኔ እጅ ሥራ ነው» ይላሉ።

ቀኝ ክንዷን ሲስቧት ልጄ ትቆጣለች፣ መልሳ ትስበዋለች። ግራው ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ይመጣል። ሲለቁት ወደ ጎኗ ወድቆ፣ መዳፉ ወደ ኋላ ዞሮ ይቀራል።

«ይህቺ ልጅ አንዱ ክንዷ ሰነፍ ነው» አሉ አማቴ።

«በአባቷ ወጥታ ነዋ» አልኩ እኔ።

ተሳሳቅን። ያቺን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ብልዙ በሳምንቱ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ሆነ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ጭራሽ ጠፋ። አማቴ «ቅቤው ነው ያጠፋው» ብለው ተደሰቱ። እኔ ግን ልጄን ታቅፌ ትከሻዋን ሳይ ቆየሁ። አባቴ አንገቱ ላይ ማርያም የሳመችው ምልክት ነበረው፤ በሰባ ዓመቱ አብሮት ተቀበረ እንጂ አልጠፋም። ማርያም የሳመችው ነገር እንዴት በአሥራ አንድ ቀን ይለቃል? የሚጠፋው ሰው የያዘው ነው። ሰው ጠንክሮ የያዘው። ምልክቱ ሄዶ ክንዱ እንደዚያው መቅረቱን ያየሁት ያኔ ነው።

አማቴ ሐሳቤን ስነግራቸው ወዲያው ወጌሻ ጠሩ። የኛ ሰው እግሩ ሲወለም፣ ትከሻው ሲወልቅ፣ ከበቅሎ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ሽማግሌው በማግስቱ መጡ። እጃቸውን ታጥበው፣ በእስትንፋሳቸው አሙቀው፣ የልጄን አንገት፣ የአንገቷን ሥር አጥንት፣ ትከሻዋን፣ ክርኗን በሁለት ጣት ቀስ ብለው ዳሰሱ። ባለቤቴ ይስቡታል ብሎ ፊቱን አዞረ። እሳቸው ግን እጃቸውን አነሱ።

«አጥንቱ ደህና ነው» አሉ። «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም። የተጎዳው ከአንገቷ ወደ ክንዷ የሚወርደው ጅማት ነው። ብስበው ክንዱን እገድለዋለሁ። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።» ከዚያ ወደ አማቴ ዞሩ፤ «አንቺም ማሸቱን ተይ።»

«እኔ? ስንት ልጅ አሽቼ ያሳደግሁ?»

«አሳድገሽ ይሆናል። ይህችን ግን አትሳቢ።»

አማቴ ሽማግሌውን እስከ በር እንኳ አልሸኟቸውም። ጓሮ ሄደው እንሰቱ ሥር ቆመው ሲያለቅሱ አየኋቸው። እኔም ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። «እኔ ነኝ?» አሉኝ። «አላውቅም እማ» አልኳቸው። ውሸት መናገር አልፈለግሁም።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። በኛ አገር ወሬ ባጃጅ አይጠብቅም። ኃላፊው ካርዱን አስመጥቶ አነበበልን፦ በሰላም ተገላግላለች፣ ሕፃኗ ጤነኛ ናት፣ ምንም ችግር አልታየም።

«ከዚህ ጤነኛ ሆና ወጥታለች» አለ። «እቤት ነው የሆነ ነገር የሆነችው። ወጌሻ ጠርታችኋል አይደል?»

ባለቤቴ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ፤ አልጠራንም በይ ማለቱ ነው። እኔ ግን «ጠርተናል» አልኩ። «መጡ፣ ዳሰሱ፣ አልስብም ብለው ሄዱ። ግን ጠርተናል።»

ኃላፊው የሚፈልገውን አገኘ። ወደ ሚዛን ሆስፒታል የሚልከንን ወረቀት ጻፈ። በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት፦ «በባህላዊ ወጌሻ የደረሰ ጉዳት»። ቀና ስል ሲስተር ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆማለች። አየችን። አንገቷን ደፍታ ወደ ማዋለጃው ክፍል ገባች።

ስለ ማንበቤ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የሚመጣውን ነገር ያቀለዋል። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ያስተማረኝ ሱቅ ነው። ባለ ሱቁ ስኳርና ጨው በአሮጌ ደብተርና በጋዜጣ ቅዳጅ ይጠቀልል ነበር፤ እኔ መጠቅለያውን ሳላነብ ስኳሩን አልገለብጥም። የሌላ ሰው ሒሳብ፣ የሌላ ሰው የፍቅር ደብዳቤ፣ ግማሽ ዜና። ያልተጨረሰውን በሐሳቤ እጨርሰዋለሁ። እንዲህ ሆኜ ነው ማንበብም መጻፍም የለመድኩት። ባለቤቴ «አንቺን ያስተማረሽ መንግሥት ሳይሆን ስኳር ነው» እያለ ያሾፍብኛል።

ሚዛን ያየን ዶክተር ወረቀቱን አነበበና አጥንት ፍለጋ ራጅ አስነሳን። አጥንቷ ሙሉ ነው። ልጄን አስተኝቶ ድንገት እንደ መልቀቅ አደረጋት፤ ቀኝ እጇ ደንግጦ ብድግ አለ፣ ግራው አልተነቃነቀም። «እናት፣ ስትወለድ ትከሻዋ ተይዞ ነበር?» አለኝ።

«ነበር።»

«እዚህ አልተጻፈማ።»

«አልተጻፈም። ግን ነበር።»

ነገሩን ያስረዳኝ እሱ ነው፤ ትከሻዋ ተይዞ ስትሳብ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርደው ነርቭ ተጎድቷል። እንዲህ ያለው ጉዳት አንዳንዱ በራሱ ይድናል፣ አንዳንዱ ይቀራል፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጅማ ባለሙያ ዘንድ መታየት፣ በየጊዜው መመላለስ አለባት። ስትወለድ የሆነው በትክክል ካልተጻፈ የሚያያት ሐኪም ሁሉ የተሰበረ ነገር ሲፈልግ ጊዜው ይሄዳል። «ደግሞ ለአንቺም ነው» አለኝ፤ «ሌላ ብታረግዢ የሚያዋልድሽ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ሄደሽ የካርዱን ቅጂ አምጪ፤ የጎደለውንም ያስገቡልሽ።»

አምጪ ማለት ቀላል ነው። ካርድ ክፍል ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንዴ ቁልፍ የያዘው ሰው የለም፣ አንዴ ኃላፊው አልፈቀደም፣ በሦስተኛው «ካርድ የመንግሥት ንብረት ነው» አሉኝ። «ክንዱስ የማን ንብረት ነው?» ብዬ ወጣሁ። ከወጣሁ በኋላ እንዲህ ማለቴ ለራሴም ገረመኝ።

ሚዛን ላይ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሕግ የሚያስተምሩ ሰዎች አቅም ለሌለው ሰው በነፃ ምክር ይሰጣሉ ሲባል ሰማሁ። ማመልከቻዬን እቤት ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፌ ሄድኩ። የተቀበለችኝ መነጽር ያደረገች ቀጭን ልጅ ናት፤ የመጀመሪያውን ገጽ ጨርሳ ሁለተኛውን ገልጣ ቀና አለች።

«እህቴ፣ ልጅቷ የምትወለደው የት ጋ ነው?»

«ሦስተኛው ገጽ ላይ።»

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው ታዲያ?»

«ከጋብቻዬ ነው የጀመርኩት። እንዲገባችሁ ብዬ።»

ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። «አንቺ እኮ የጻፍሽው ልብ ወለድ ነው! ዳኛው ሠርግሽ ላይ ሲደርስ እንቅልፍ ይወስደዋል» አለች። ከዚያ ብዕር ሰጥታኝ ራሴ እንድሰርዝ አደረገችኝ። መቼ፣ የት፣ ማን፣ ምን ሆነ፣ ምን እፈልጋለሁ። ግማሽ ገጽ ሆነ። ሠርጌን ስሰርዝ አሳዘነኝ፤ ግን አምሮ ወጣ።

መንገዶቹን ያሳየችኝም እሷ ናት። ለጤና ጣቢያውና በላዩ ላለው ጤና ጽሕፈት ቤት አቤት ማለት ይቻላል። የባለሙያን ሥነ ምግባርና ፈቃድ የሚመረምር አካል አለ፣ ወደሱም ይጻፋል። ፍርድ ቤት ሄዶ በባለሙያ ስህተት ለደረሰ ጉዳት ካሣ መጠየቅም አለ፤ ይህኛው ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በሩ ይዘጋል። ደግሞም ስለ ራሴና ስለ ልጄ የተጻፈውን የማየት መብት አለኝ።

«ይቅር ማለትስ?» አልኳት።

«እሱም መብትሽ ነው። ግን መጀመሪያ ይጻፍ፣ ከዚያ ይቅር በይ። ያልተጻፈን ነገር ይቅር ብትዪ ምኑን ይቅር እንዳልሽ ማን ያውቃል?» ቀጠለችና «ማስረጃስ አለሽ? ወጌሻው ከመምጣቱ በፊት ጉዳቱ እንደነበረ የሚያሳይ?» አለችኝ።

ብልዙ ጠፍቷል። የለኝም ልል አፌን ስከፍት ስልኬ ትዝ አለኝ። የባለቤቴ እህት ቴፒ ነው የምትኖረው፤ ልጅቷን አሳዩኝ ብላ ስትነዘንዘኝ በሦስተኛው ቀን ፎቶ አንስቼ ልኬላት ነበር። ፊቷን ብቻ አልነበረም ያነሳሁት። ትከሻዋን ገልጬ፣ ብልዙን አስጠግቼ፣ «ማርያም የሳመቻትን እዪልኝ» ብዬ ነው የላክሁት። በፎቶው ላይ ግራ ክንዷ ተዘርግቶ መዳፉ ወደ ኋላ ዞሯል። ቀኑም ሰዓቱም ስልኩ ውስጥ አለ። ለጉራ ያነሳሁት ፎቶ ነው።

ማመልከቻው ጤና ጽሕፈት ቤት በገባ በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ኃላፊው ነው የላካቸው። ተነስተን ተቀበልን፣ ማር አቀረብን። ስለ ቡናው፣ ስለ ዝናቡ ከተጫወቱ በኋላ ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ከመንግሥት ቤት ጋር መካሰስ ጥሩ አይደለም። ሲስተርም የሰው ልጅ ናት፣ እንጀራዋ ነው። ይቅር በይ፤ እኛ ወረቀቱን አዘጋጅተን መጥተናል። አንቺ እንዳትቸገሪ የአሻራ ቀለሙንም ይዘናል።»

አውራ ጣቴን እንደሚፈልጉ ገባኝ። ወረቀቱን ተቀበልኩና ማንበብ ጀመርኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፦ «ጉዳቱ የደረሰው በቤተሰብና በወጌሻ ጥፋት መሆኑን አምኜ፣ በጤና ጣቢያውም ሆነ በሠራተኞቹ ላይ ዛሬም ሆነ ወደፊት ክስ ላላቀርብ...»

ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። «ቆዪ፣ ቆዪ። እንዲህ ነው እንዴ የሚለው?»

«እንዲህ ነው አባባ።»

«እኛ ይቅርታ ነው የተባልነው።» ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው «አንተ አንብቤዋለሁ አላልከኝም?» አሉ። ያኛው ጢሙን አሸ።

«ይቅርታ ከሆነ እኔ አልከለክልም» አልኳቸው። «ሲስተር ትምጣ፣ አብረን እንብላ። ይህን ወረቀት ግን አልፈርምም። አማቴ ያላጠፉትን አጠፉ ብዬ፣ ልጄ ያልሆነችውን ሆነች ብዬ አልፈርምም።»

አማቴ ወጌሻው ከተናገሯቸው ወዲህ አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሚውሉት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ፊታቸው ተመለሰ። ጤና ጽሕፈት ቤት የተጠራን ዕለት ነጠላቸውን አጣፍተው ቀድመውኝ ባጃጅ ውስጥ ተቀመጡ። ወጌሻውንም በመንገድ ላይ አሳፈሩ፤ ያኔ እስከ በር ሳይሸኟቸው የቀሩበት ካሣ መሆኑ ነው፣ ራሳቸው ቦታ ለቀቁላቸው።

የአማቴ አማርኛ ካገቡ በኋላ ገበያ ላይ የለመዱት ነው፤ እርስዎ የሚባል ነገር አያውቁም። ስብሰባውን የሚመሩትን የጤና ጽሕፈት ቤቱን አዛውንት ሹም «አንተ» ብለው ጀመሩ። «አንተ፣ ስማኝ። እኔ አሽቻለሁ። አሥራ አንድ ቀን አሽቻለሁ። ስስበው ክንዷ ቀድሞም ሞቶ ነበር። እኔ ካባስኩ በእኔ ላይ ጻፍ፤ አልፈራም። ግን የእኔን ብቻ አትጻፍ።»

ወጌሻው የዳሰሱትን ተናገሩ። እኔ ስልኬን አወጣሁ፤ ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ኃላፊው «ፎቶ እኮ...» ብሎ ሲጀምር ጥጉ ላይ የተቀመጠችው ሲስተር ተነሳች።

«ትከሻዋ ተይዞ ነበር» አለች። «እኔ ነኝ ያልጻፍኩት። ብቻዬን ነበርኩ። ልጅቷ ከእጄ ልታመልጥ ነው ብዬ ሳብኩ። ከወጣች በኋላ ክንዷ እንደማይንቀሳቀስ አይቻለሁ። ፈራሁ። ማርያም የሳመቻት ናት አልኳት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ዛሬ ፊቴን አየችኝ። «ይቅር በይኝ።»

እኔ ልቆጣ አስቤ ነው የሄድኩት፤ ለቁጣዬም ጥሩ ጥሩ ቃል አዘጋጅቼለት ነበር። እሷን ሳይ ግን ወለሉ ላይ የተቀመጠችበት ሰዓት መጣብኝ። «ሲስተር፣ ባትስቢያት ትሞትብኝ ነበር» አልኳት። «ለመሳብሽ አመሰግንሻለሁ። የከሰስኩሽ ብዕርሽ ስለደበቀው ነው። አሁን ጻፊው።»

ጻፈችው። ካርዱ ላይ የፊተኛውን ሳትሰርዝ፣ ከሥሩ ቀኑን አድርጋ፣ የሆነውን አንድ በአንድ ጽፋ ፈረመች። ቅጂውን ማኅተም አድርገው ሰጡኝ። የወጌሻው ነገር የተጻፈበት የመላኪያ ወረቀት ተቀየረ፤ ጅማ የምንመላለስበትንም ጤና ጣቢያው እንዲሸፍን ተወሰነ። ሁለተኛም ማዋለጃ ክፍል ውስጥ አንድ አዋላጅ ብቻዋን እንዳትውል አዘዙ። ይህን የመጨረሻውን እኔ አልጠየቅኩም ነበር፤ የጠየቀችው ሲስተር ናት። ከሁሉ ያኮራኝ እሱ ነው።

ፍርድ ቤት አልሄድኩም። የሄዱትን አልወቅስም፤ መነጽር ያደረገችው ልጅ እንዳለችው በሩ ለኔም እስከ ሁለት ዓመት ክፍት ነበር፣ ቀኑንም ግድግዳችን ላይ ጽፌው ነበር። የምፈልገው ክንዷን ነው፤ ክንዷ ደግሞ መምጣት ጀመረ።

ጅማ ያለችው ባለሙያ እንቅስቃሴውን ስታስተምረን አማቴ ከኔ ፊት ቆመው ነበር። «አይሳብም እናቴ» ትላለች፣ «ይነሳል። ቀስ ብሎ። እንዲህ። በጠባች ቁጥር።» አማቴ አንዴ አዩ፣ ሁለቴ አዩ፣ «ስጪኝ» አሉ። ባለሙያዋ «እነዚህን እጆች የት አገኘሻቸው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሥራው የሳቸው ሆነ። ቡና ለቀማ ቢሆን፣ ልቅሶ ቢሆን፣ ገበያ ቢሆን፣ አማቴ ሰዓታቸውን አያሳልፉም። በአራተኛው ወር ጣቶቿ ነጠላቸውን ያዙ። በሰባተኛው ክርኗ ታጠፈ። ትከሻዋ ግን ዘገየ። እንደሌሎች ልጆች እጇን ሽቅብ ሰቅላ «እቀፉኝ» ስትል የሚነሳው አንዱ ብቻ ነው። ባለሙያዋ «ይሻሻላል፤ ግን ሙሉ በሙሉ ላይሆን ይችላል» አለችን። ከደረቷ በላይ ይነሳ ይሆን? ሁላችንም ዓይናችን እዚያ ላይ ቀረ፤ ጮክ ብሎ ግን ማንም አይጠይቅም።

ዛሬ የወለዱ ሴቶች ካርዳቸውንና ሕፃናቸውን ይዘው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ካርዱን አነብላቸዋለሁ፤ ሕፃኑን አማቴ ያዩላቸዋል። ብልዝ ካለ ፎቶ አንሱት እላለሁ፤ አብዛኛው በራሱ የሚጠፋ ነው፣ አትደንግጡ፤ ሁለቱ ክንድ እኩል መንቀሳቀሱን ግን እዩ። አማቴ ከጎኔ ሆነው «መሳብ የለም!» ይላሉ፣ ራሳቸው ሕጉን ያወጡት ይመስል። ሲስተርም ስታልፍ ትገባለች፤ አብረን እንበላለን።

ልጄ አራት ዓመት ሊሞላት ሲል፣ ባለፈው መስከረም፣ ጎረቤቴ ልጇን እየጎተተች ግቢዬ ገባች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽን ሥርዓት አስይዢ! እዪ ልጄን በጥፊ እንዴት እንዳጮለቻት!»

«የኔ ልጅ?»

«የማን ልትሆን ነው? ጉንጯን እዪው፣ ሊበልዝ ነው!»

አየሁት። የቀላው ቀኝ ጉንጯ ነው።

«ፊት ለፊት ቆመው ነበር?»

«ምን አገባሽ በአቋቋማቸው?»

«ንገሪኝ እንጂ።»

«ፊት ለፊት! በአንድ ሙዝ ተጣልተው!»

ፊት ለፊት ከሆነ፣ ቀኝ ጉንጭ ከቀላ፣ የመታው ግራ እጅ ነው። ሳቄ አመለጠኝ። የጎረቤቴን ልጅ አጠገቤ አቆምኳት። ከኔዋ በራስ ትበልጣለች፤ ጉንጯ ከኔዋ ደረት በላይ ነው።

«ምን ያስቅሻል? ልጄ ተመትታ ያስቅሻል?»

«አላስቀኝም። ጥፋተኛ ነን። ይቅርታ አድርጊልን፤ ካሣም ካልሽ እክሳለሁ» አልኳት። ልጄን ጠርቼ እንድትስማትና ይቅርታ እንድትጠይቅ አደረግኳት፤ የቀረውን ሙዝም ለተመታችው ሰጠሁ። ጎረቤቴ እያጉረመረመች ልትወጣ ስትል አማቴ ከጓሮ ድምፅ ሰምተው ብቅ አሉ።

«ምን ሆነ?»

«ልጃችን መታቻት» አልኩ፤ ደስታዬ አፌን እያደናቀፈው። «በግራዋ፣ እማ። እዚህ ድረስ አንስታ።» ጉንጬን አሳየኋቸው።

አማቴ የተመታችውን ልጅ ጉንጭ በሁለት ጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱ። ከዚያ ልጄን አዩና፣ ጎረቤቴ እየሰማች፣ «ድገሚው እስቲ» አሏት።